ፊንጢጣ ላይ የሚወጣ እብጠት፦ ሁሉም ኪንታሮት አይደለም

«ኪንታሮት ያዘኝ» ብሎ የሚመጣ ታካሚ ብዙ ነው። ግማሹ ቆሞ ነው የሚያወራኝ፤ መቀመጥ አይችልማ። ስሙም ያሳስታል። እጅ ላይ የሚወጣውንም፣ ታች የሚያብጠውንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው።

ድንገት የወጣ፣ ጠጣር፣ የሚያም፦

በብዛት የማየው ይሄን ነው። ማታ ያልነበረ፣ ጠዋት ወይን ፍሬ የሚያህል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እብጠት። ከቆዳው ሥር ባለ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ነው። ብዙ ጊዜ ከድርቀትና ከማማጥ ይነሳል፤ ወሊድም ያመጣዋል። ሕመሙ ካልተቻለ በ72 ሰዓት ውስጥ ኑ፤ ቦታው ደንዝዞ የረጋው ደም ይወጣል። ከዚያ ካለፈ ሕመሙ ራሱ እየበረደ ይሄዳል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጋችሁ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀመጡበት። ዴቶል አትጨምሩ! ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ተልባ ጥሩ ነው። ሽንት ቤት ስልክ ይዛችሁ አትግቡ።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በ4ኛው ቀን መጣ። «ወንድሜ፣ ምን ቀባህበት?» ስለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ «የሆነ ዱቄት... ከሥሩ ይነቅለዋል ብለውኝ» አለ። የነቀለው ቆዳውን ነው። በሁለት ሦስት ሳምንት የሚሟሽሽ ነገር ወራት የፈጀ ቁስል ሆነ። ጠባሳው መውጫውን አጥብቦት በኋላ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። የማታውቁትን ነገር አትቀቡ፤ አታስተኩሱ፤ በመርፌ አትብጡ።

ስታምጡ ወጥቶ የሚመለስ፣ ደማቅ ቀይ ደም ያለው፦ የውስጥ ኪንታሮት። ድርቀቱን ማከም ካልበቃ ሐኪም በላስቲክ ያስረዋል።

የሚጠዘጥዝ፣ ትኩሳት ያለው፦ መግል ቋጥሯል። ተከፍቶ መፍሰስ አለበት፤ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድነውም። ስኳር ያለበት ሰው አንድ ሌሊትም አያሳድር። ፈስሶ አልደርቅ ካለ ፊስቱላ (ከፊንጢጣ ውስጥ ወደ ውጭ ቆዳ የተከፈተ ቀጭን ቀዳዳ) ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሐኪም ይየው።

አበባ ጎመን የሚመስል፦ በቫይረስ የሚመጣ፣ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ኪንታሮት። የኤችአይቪ ምርመራም አድርጉ።

የማያም፣ የተንጠለጠለ ቆዳ፦ ካላስቸገረ ተዉት።

ሳምንታት አልፈውት ያልጠፋ ጠጣር እብጠት፣ ክብደት መቀነስ፣ የሰገራ ልማድ መለወጥ ካለ ግን ካንሰር እንዳይሆን መመርመር ግድ ነው። «ኪንታሮቴ ነው የሚደማው» እያሉ ዓመት የቆዩ ሰዎች አይቻለሁ። በጣት ለመመርመር የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው።