የጭቃ ቤቴ ግድግዳ በመጨረሻ ደረቀ

የመጀመሪያ ቤቴን አዲስ አበባ ውስጥ ስገዛ አሮጌ የጭቃ ቤት መሆኑን አውቄ ነው። ካርታው ንጹህ ነው፣ ሌላው ይታደሳል አልኩ። ክረምት ሲገባ ግን የጓዳው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ረጠበ። ቀለሙ ተላጠ፣ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ። ሁለቴ ቀለም አስቀባሁ። ብሬን በላ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ መጡና ግድግዳውን አንኳኩ። «ልጄ፣ ጭቃውን በሲሚንቶ አፍነኸዋል» አሉኝ። (ያፈነው የቀድሞው ባለቤት ነው፣ እኔ አይደለሁም!) ጭቃ ይተነፍሳል፤ የሲሚንቶ ልስን ግን አንዴ የገባውን እርጥበት አያስወጣም። ውሃው ደግሞ አሸንዳ ከሌለው ጣሪያ እየወረደ መሠረቱ ሥር ይጠራቀም ነበር።

መጀመሪያ አሸንዳ አስገጠምኩ፣ ዙሪያውን ቦይ አስቆፈርኩ። ከዚያ ልስኑ ተፈነቀለ። ከሥሩ ሁለት ቋሚዎች በስብሰው ተገኙ፤ ተቀየሩ። ግድግዳው በጋውን ሙሉ ሳይለሰን ቆየ። ትዕግስቴን የጨረሰው ይሄ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰበብ ስደረድር ከረምኩ። በመጨረሻ በጤፍ ጭድ ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ተለሰነ፣ ላዩ ኖራ ተቀባ።

ዘንድሮ ሐምሌ አለፈ፣ ጓዳው ደረቅ ነው። ቀጣዩ ተረኛ ኮርኒሱ ነው።