ዴሪቬቲቩ ዜሮ ሆነ ማለት መልሱ ተገኘ ማለት አይደለም

ጎንደር ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ ሳስጠና፣ ማክሲመምና ሚኒመም (የአንድ ፈንክሽን ትልቁና ትንሹ ዋጋ) ላይ ስንደርስ ደብተሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ዴሪቬቲቩ፣ ማለትም ግራፉ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው ተዳፋት፣ ይወጣል፣ ከዜሮ ጋር ይተካከላል፣ ኤክስ ይገኛል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ይሰመራል። ልጆቹ ዴሪቬቲቭ ማውጣቱን አሳምረው ያውቁታል። ነጥብ የሚጥሉት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ቲዎረሙን ገልብጦ ማንበብ ነው። ሐሳቡ የፈረንሳዊው የፒየር ዴ ፌርማ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1630ዎቹ፣ እዚህ አፄ ፋሲል በነገሡበት ዘመን መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ቲዎረሙ የሚለው፦ በኢንተርቫሉ ውስጥ ጫፍ (ማክሲመም ወይም ሚኒመም) ካለና እዚያ ዴሪቬቲቭ ካለ፣ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው። ዜሮ ከሆነ ጫፍ አለ አላለም። የኤክስ³ ዴሪቬቲቭ 3ኤክስ² ነው፤ ኤክስ ዜሮ ሲሆን እሱም ዜሮ ይሆናል። ግራፉ ግን እዚያ ጋ ለጥ ይልና መውጣቱን ይቀጥላል። ከዜሮ ግራም ቀኝም ዴሪቬቲቩ ፖዘቲቭ ስለሆነ ጫፍ የለም። ምልክቱ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ከዞረ ማክሲመም፣ ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ከዞረ ሚኒመም ነው። ስለዚህ ያገኛችሁትን ኤክስ እጩ በሉት፤ ግራና ቀኙን ሳታዩ አትሹሙት።

እጩ መጣልም አለ። ኤክስ⁴ − 8ኤክስ² ሲሰጣቸው ዴሪቬቲቩን 4ኤክስ³ − 16ኤክስ ብለው በትክክል ያወጣሉ፤ ከዚያ ሁለቱንም ወገን ለ4ኤክስ ያካፍሉና 2 እና −2ን ብቻ ይጽፋሉ። ዜሮ ጠፋ! ዜሮ ላይ ደግሞ ሎካል ማክሲመም፣ ማለትም በዙሪያው ካሉት ከፍ ያለ ነጥብ፣ አለ። በኤክስ አታካፍሉ፤ ፋክተር አድርጉ። ዴሪቬቲቭ የሌለበት ቦታም እጩ ነው። የኤክስ አብሶሉት ቫልዩ ዜሮ ላይ ሹል ሚኒመም አለው፣ ዴሪቬቲቭ ግን እዚያ የለውም።

ብዙ ልጅ የሚወድቅበት የዝግ ኢንተርቫል (ሁለቱ ድንበሮቹም የሚቆጠሩበት) ጥያቄ ነው። ኤክስ³ − 3ኤክስ ከ0 እስከ 3 ባለው ኢንተርቫል ትልቁና ትንሹ ዋጋው ስንት ነው? ዴሪቬቲቩ 3ኤክስ² − 3 ነው፤ 1 እና −1 ላይ ዜሮ ይሆናል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ወዲያው፣ «ቲቸር፣ ማክሲመሙ 2፣ ሚኒመሙ −2» አለችኝ። 2ን ያገኘችው −1ን ተክታ ነው፤ −1 ግን ከኢንተርቫሉ ውጭ ነው። ድንበሮቹን ደግሞ አልነካቻቸውም። 0 ላይ ዋጋው 0፣ 1 ላይ −2፣ 3 ላይ 18 ነው። ትልቁ 18 ነው፤ እዚያ ደግሞ ዴሪቬቲቩ 24 እንጂ ዜሮ አይደለም።

ይህን እንድትረዳ ያስታወስኳት የአዘዞን መንገድ ነው። ከአዘዞ ተነስታ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስትመጣ ዳገቱ መሐል ላይ ብትቆም፣ እስከዚያ ከረገጠችው ሁሉ ከፍ ያለው የቆመችበት ቦታ ነው፤ መሬቱ ግን አሁንም ዳገት ነው። ጎሃ ተራራ አናት ላይ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ሰው ደግሞ ሎካል ማክሲመም ላይ ነው፤ የአገሪቱ አብሶሉት ማክሲመም ራስ ዳሸን ነው። ሁለቱን ቃላት የሚያምታታ ተማሪ ይህን ካየ በኋላ ሲሳሳት አላየሁም።

ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ (የዴሪቬቲቩ ዴሪቬቲቭ) ላይ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ሰምቶ ማክሲመም መጻፍ የተለመደ ነው። የተቀመጠ ሲኒ አስቡ፦ ፖዘቲቭ፣ ታቹ ሚኒመም። ሲኒው ሲደፋ ኔጋቲቭ፣ አናቱ ማክሲመም። ዜሮ ከመጣ ግን ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ምንም አልነገራችሁም። ኤክስ⁴ ዜሮ ላይ ሁለተኛ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው፣ ሆኖም ሚኒመም አለው። ያኔ ወደ መጀመሪያው ዴሪቬቲቭ ምልክት ተመለሱ።

በቃላት የሚመጣው ጥያቄ ላይ ስህተቱ ከካልኩለሱ በፊት ነው። አንድ ገበሬ በ60 ሜትር ሽቦ የድንጋይ ግንብ ተጠግቶ ለበጎቹ ባለ አራት ማዕዘን ጉረኖ ሊያጥር ነው እንበል፤ በግንቡ በኩል ሽቦ አያስፈልገውም። ከልማድ አራቱንም ጎን ያጠረ ተማሪ 225 ካሬ ሜትር ያገኛል። ሥዕል ሥሩ፤ የሚታጠሩት ሦስት ጎኖች ናቸው። ከግንቡ የሚወጡትን ሁለቱን ኤክስ ካልን ስፋቱ ኤክስ(60 − 2ኤክስ) ነው፤ ኤክስ ከ0 በላይ፣ ከ30 በታች። ዴሪቬቲቩ 60 − 4ኤክስ ስለሆነ ኤክስ 15 ይሆናል። እዚህ ደርሶ «መልሱ 15» ብሎ ማቆም ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። የጎኖቹ ርዝመት ከተጠየቀ 15 በ30 ሜትር፣ ትልቁ ስፋት ከተጠየቀ 450 ካሬ ሜትር ብላችሁ ጻፉ።