ለበረዶ ሆኪ ጀማሪዎች፦ ከዱላው በፊት እግር

ቶሮንቶ፣ ኤድመንተን፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም የምትኖሩ ከሆነ ክረምቱ ረጅም ነው፤ የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳም ከቤታችሁ ብዙ አይርቅም። ሆኪን ካደጉ በኋላ መጀመር ይቻላል። ችግሩ ጀማሪው ሁሉ ዱላ ይዞ ግብ መምታት መቸኮሉ ነው። እግሩ ያልሠለጠነ ተጫዋች ግን እጁ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ፐኩ (በኳስ ፋንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) ጋ አይደርስም።

መጀመሪያ ጫማውን አስተካክሉ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣቶቻችሁ የጫማውን ጫፍ ለጥቂት ይንኩ፤ ጉልበት ሲታጠፍ ተረከዝ ወደ ኋላ ገብቶ ጣቶች ይለቀቃሉ። ማሰሪያው ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ይበል። የፊት መከለያ ያለውን የራስ ቁርና የአንገት መከላከያውን ለልምምድም ቢሆን አትተዉ።

ቀጥሎ አቋቋም ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ብታጠፉ አትቆጩም። ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ደረታችሁን ቀና አድርጉ። ወደ ታች ስትመለከቱ ጉልበታችሁ የጫማውን ጫፍ ከሸፈነ በቂ ታጥፏል። ስትገፉ እንደ ሩጫ ቀጥታ ወደ ኋላ አይደለም፤ የጫማው ስለት በርዝመቱ ስለሚንሸራተት አይቆነጥጥም። በስለቱ የውስጥ ጠርዝ ወደ ጎን ግፉ፣ እግሩ እስኪዘረጋ ጨርሱት፣ ከዚያ በረዶውን ታክኮ ከሰውነታችሁ ሥር መልሱት። አጭር አጭር እርምጃ ያደክማል እንጂ አያስኬድም።

እየተንሸራተታችሁ ሳለ ድንገት መቆምን በሁለቱም ጎን ተለማመዱ። አብዛኛው ሰው በሚቀናው ጎን ብቻ ይቆምና በጨዋታ መካከል በሌላው ሲገደድ ይወድቃል።

አሁን ዱላው። ጫማውን አድርጋችሁ ስትቆሙ አገጭ አካባቢ ቢደርስ ጥሩ መነሻ ነው። ዱላውን የሚመራው የላይኛው እጅ ነው፤ የታችኛው ላላ ብሎ ይንሸራተት። የገና ጨዋታ እየተጫወተ ያደገ ሰው ሩሯን በኃይል መምታት ለምዷል። 170 ግራም ገደማ የምትመዝነው ጠፍጣፋ የጎማ ፐክ ግን ስታቀብሏት አትመታም፤ በዱላው ተገፍታ ትለቀቃለች። ስትቀበሏትም ዱላውን ከእርሷ ጋር ትንሽ ወደ ኋላ መልሱት፤ ከደነደነ ትነጥራለች። ዓይናችሁ ሜዳው ላይ ይሁን።

አካል ብቃቱን በተመለከተ፣ አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ በአንድ ተራ የሚቆየው 45 ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ዝግ ያለ ሩጫ ብቻውን አይበቃም። ከሜዳ ውጭ ሰላሳ ወይም አርባ ሰከንድ በሙሉ ኃይል ሩጡ ወይም ብስክሌት ንዱ፣ ሁለት ደቂቃ እረፉ፣ ደጋግሙ። ቁጢጥ ብሎ መነሳትና በአንድ እግር ወደ ጎን መዝለል ጭንና ዳሌን ያጠነክራሉ። ብሽሽትን በተለይ አደራ፤ የጎን ግፊቱ የጭንን የውስጥ ጡንቻ ስለሚወጥር በሆኪ ተጫዋቾች ላይ ጉዳቱ ብዙ ነው። በጎን ተኝቶ የታችኛውን እግር ወደ ላይ ማንሳት ቀላል መከላከያ ነው።

በአብዛኞቹ የአዋቂ አማተር ውድድሮች በሰውነት መግጨት ክልክል ነው፤ ከሜዳው ግድግዳ ጋር መጋጨት ግን አይቀርም። ወደ ግድግዳው እየተንሸራተታችሁ ከሆነ አገጫችሁን ወደ ደረት አትቅበሩ፤ አናት ሲቀድም ኃይሉ ሁሉ አንገት ላይ ያርፋል። ቀና በሉ፣ በጎናችሁ ወይም በትከሻችሁ ተቀበሉት።

ስትደክሙ ቶሎ ተቀየሩ፤ ነገር ግን ፐኩ በራሳችሁ ግብ አካባቢ እያለ ወደ ወንበር አትሂዱ። መጀመሪያ ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ትውጣ።