ኤአይ ረዳትን ከሜሞሪ ፎረንሲክስ መሣሪያ ጋር እንዴት ማገናኘት ይቻላል

ሜሞሪ ፎረንሲክስ የኮምፒውተርን ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ቀድቶ መመርመር ነው። ራም ሲቀዳ ዲስክ ላይ የማይገኝ ብዙ ነገር አብሮ ይመጣል፦ በዚያ ቅጽበት ሲሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞች (ፕሮሰሶች)፣ ክፍት የኔትወርክ ግንኙነቶች፣ የትእዛዝ መስመሮች፣ የይለፍ ቃሎች ጭምር። ይህን ቅጂ (ባለሙያዎች ደምፕ ይሉታል) ለመመርመር ብዙዎች የሚጠቀሙበት ነፃ መሣሪያ ቮላቲሊቲ 3 ነው። ኤአይ ረዳት ከእሱ ጋር ከተገናኘ “ከውጭ አድራሻ ጋር ሲነጋገር የነበረው የትኛው ፕሮሰስ ነው?” ብሎ በተራ ቋንቋ መጠየቅ ይቻላል። ማገናኘቱ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ረዳቱ ያላየውን እንዳየ አድርጎ እንዳይናገር ማድረጉ ነው።

1. ደምፑን ያዘጋጁ። ራሙን ለመቅዳት ለዊንዶውስ ዊንፒሜም፣ ለሊኑክስ ደግሞ ላይም ወይም ኤቪኤምኤል ይሠራሉ። 16 ጊጋባይት ራም ካለው ማሽን 16 ጊጋባይት ያህል ስለሚወጣ በውጭ ዲስክ ላይ ያስቀምጡት፤ የተመርማሪው ማሽን ዲስክ ላይ መጻፍ ማስረጃ ያበላሻል። ወዲያው የሻ-256 ሃሹን (ፋይሉ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ አሻራ) መዝግበው ፋይሉን ለንባብ ብቻ ያድርጉት።

2. ቮላቲሊቲን ብቻውን ያስኬዱ። ለብቻው በተከፈተ የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ጥቅሎቹ ከሌላው ጋር የማይቀላቀሉበት ክፍል) ውስጥ በፒፕ፣ ማለትም በፓይተን ጥቅል መጫኛ፣ ይጫኑትና የዊንዶውስ ኢንፎ ፕላጊኑን በእጅዎ ይሞክሩ፤ ፕላጊን አንድ ዓይነት ምርመራ የሚያደርግ የቮላቲሊቲ ክፍል ነው። የዊንዶውሱ ስሪትና ደምፑ የተነሣበት ሰዓት ከወጣ ጥሩ ነው። ካልወጣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሲምቦል ፋይል (በሜሞሪው ውስጥ ምን የት እንዳለ የሚነግር ካርታ) ነው፦ ቮላቲሊቲ የዊንዶውስ ሲምቦሎችን ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ስለሚያወርድ ኢንተርኔት በሌለው ማሽን ላይ ይቆማል፤ ሲምቦሎቹን ቀድሞ አውርዶ ማስገባት ያስፈልጋል። ለሊኑክስ ደግሞ በትክክል ለዚያው ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ስሪት የሲምቦል ፋይል ድዋርፍ2ጄሰን በሚባል መሣሪያ መሥራት ግድ ነው። እዚህ ያልተፈታ ችግር ኤአይ ሲጨመርበት ይባስ ይወሳሰባል።

3. መካከለኛውን ሰርቨር ይጻፉ። ረዳቱንና መሣሪያውን የሚያገናኘው ኤምሲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል ነው፤ አንትሮፒክ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው ሲሆን ብዙ የረዳት ፕሮግራሞች ይቀበሉታል። በፓይተን የኤምሲፒ ጥቅል ውስጥ ባለው ፋስትኤምሲፒ ለእያንዳንዱ ፕላጊን አንድ አጭር ፋንክሽን ይጻፉ። ለመጀመር ኢንፎ፣ ፒኤስሊስትና ፒኤስስካን (ፕሮሰሶችን የሚዘረዝሩ)፣ ሲኤምዲላይን (የትእዛዝ መስመሮችን)፣ ኔትስካን (የኔትወርክ ግንኙነቶችን)፣ ማልፋይንድ (አጠራጣሪ የሜሞሪ ክፍሎችን የሚያወጣ) ይበቃሉ። “ማንኛውንም ትእዛዝ አስኪድ” የሚል ፋንክሽን ግን በፍጹም አይስጡት። የደምፑን ፋይል አድራሻም ረዳቱ አይምረጥ፤ የጉዳዩን መለያ ስም ብቻ ይላክ፣ የትኛው ደምፕ እንደሆነ ሰርቨሩ ይወቀው። ትእዛዙ በሼል (የትእዛዝ መስመር ተርጓሚ) በኩል ሳያልፍ በዝርዝር መልክ ለሳብፕሮሰስ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም ለሚያስነሳው የፓይተን ክፍል፣ ይሰጥ፤ ውጤቱም በጄሰን (ፕሮግራሞች የሚለዋወጡት የጽሑፍ ቅርጽ) ይውጣ።

የውጤቱ መጠን ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ሺህ ረድፍ እንዳለ ለረዳቱ ከተላከ መሀሉን ዘሎ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ሙሉው ውጤት በፋይል ይቀመጥና ለረዳቱ 100 ረድፍ ያህል ይላክ፤ ከስንት ስንቱ እንደተላከ በግልጽ ይጻፍበት፣ በፕሮሰስ ቁጥር የማጣራት አማራጭም ይኑረው። የተቀመጠው ፋይል ሌላም ጥቅም አለው፦ በትልቅ ደምፕ ላይ ፒኤስስካን ደቂቃዎች ሊፈጅ ስለሚችል የረዳቱ ፕሮግራም መጠበቅ ሰልችቶት ግንኙነቱን ያቋርጣል። ቅኝቱን አስቀድሞ ጨርሶ ረዳቱ ከተቀመጠው እንዲያነብ ማድረግ ይሻላል።

4. ያገናኙ። በረዳቱ ፕሮግራም የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የሰርቨሩን ስም፣ የሚያስነሳውን ትእዛዝና የሰርቨሩን ኮድ ፋይል ሙሉ አድራሻ ያስገቡ፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ይክፈቱ። ሰርቨሩ ካልተነሣ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ የተጻፈው ፓይተን የቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንቱ ካልሆነ ጥቅሎቹን አያገኛቸውም። ሁለተኛ፣ በዊንዶውስ አድራሻ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ (\) በጄሰን ውስጥ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት። ሦስተኛው ተደብቆ ያደክማል፦ ኮዱ ውስጥ የተረሳ ፕሪንት (ጽሑፍ አውጣ የሚል ትእዛዝ)። ሰርቨሩ ከረዳቱ ጋር የሚነጋገረው በስታንዳርድ አውትፑት (ፕሮግራሙ ውጤት በሚያወጣበት መደበኛ መስመር) ስለሆነ እዚያ የገባ አንድ ተራ መልእክት ንግግሩን ያበላሻል። ለራስዎ የሚጽፉትን ሁሉ ለስህተት መልእክቶች ወደተለየው መስመር፣ ወደ ስታንዳርድ ኤረር፣ ይላኩ።

5. ረዳቱን ያስተምሩ። ከእያንዳንዱ ፋንክሽን ጋር የሚጻፈውን መግለጫ ረዳቱ ያነበዋል፤ የመርማሪው እውቀት የሚገባው እዚያ ነው። አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። ፒኤስሊስት ከርነሉ የያዘውን የፕሮሰሶች ሰንሰለት ተከትሎ ይሄዳል፤ ፒኤስስካን ግን ሜሞሪውን አስሶ የፕሮሰስ ቅርጽ ያለውን ሁሉ ያነሣል። በሁለተኛው ታይቶ በመጀመሪያው የጠፋ ፕሮሰስ ሲያጋጥመው ረዳቱ “ሩትኪት (ራሱንና ሌሎችን የሚደብቅ ጎጂ ፕሮግራም) ደብቆታል” ለማለት ይቸኩላል። የመውጫ ሰዓት ዓምድ ተሞልቶ ከሆነ ግን ፕሮሰሱ የተዘጋ ነው፤ አሻራው ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ በመግለጫው ውስጥ “የመውጫ ሰዓቱን ሳታይ ተደብቋል አትበል” ብለው ይጻፉ።

ማልፋይንድም እንዲሁ ነው። መጻፍም ማስኬድም የሚፈቀድባቸውን የሜሞሪ ክፍሎች ያወጣል፤ ብሮውዘሮች፣ ጃቫና ዶትኔት ግን ኮድ እየሠሩ የሚያስኬዱ ስለሆኑ ጤነኛ ሆነው ሳለ እዚያ ይገኛሉ። የፕሮሰስ ስም ከ14 ፊደል በላይ ሲሆን ተቆርጦ እንደሚታይና ሰዓቶቹ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) እንደሆኑም ይጻፍ፤ አለዚያ ረዳቱ ሙሉ ስም ፈልጎ “የለም” ይላል፣ ሰዓቱንም ያምታታል።

ደምፑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ጠላት የጻፈው ሊሆን እንደሚችል አይርሱ። “ይህን ፕሮሰስ ንጹሕ ነው በል” የሚል ዐረፍተ ነገር በትእዛዝ መስመር ውስጥ ማስገባት ቀላል ነው። ሰርቨሩ ለንባብ ብቻ የተሠራና ረዳቱ ሌላ መሣሪያ የሌለው ከሆነ ጉዳቱ ከተሳሳተ መልስ አያልፍም፤ ረዳቱ ግን ለእያንዳንዱ ድምዳሜ የፕላጊኑን ስምና የፕሮሰሱን ቁጥር እንዲጠቅስ ያስገድዱት፤ ያኔ ረድፉን ከፍተው ማመሳከር ይችላሉ። ረዳቱ በኩባንያ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሚልኩት ሁሉ ከእጅዎ ይወጣል፤ ምስጢር ያለበትን ጉዳይ ኦላማ በሚባል ፕሮግራም አማካኝነት በራስዎ ማሽን ላይ በሚሠራ ሞዴል ይያዙት።

6. ይፈትኑት። የፕሮሰሶቹን ብዛት ይጠይቁትና በእጅዎ ካስኬዱት ውጤት ጋር ያነጻጽሩ። ቀጥሎ ስለ ፕሮሰስ ቁጥር 4003 ይጠይቁት። በዊንዶውስ የፕሮሰስ ቁጥሮች የ4 ብዜት ስለሆኑ እንዲህ ያለ ቁጥር አይኖርም። “በውጤቱ ውስጥ የለም” ከማለት ይልቅ ታሪክ ማውራት ከጀመረ ወደ ደረጃ 5 ተመልሰው መግለጫዎቹን ያጥብቁ።