ዳክዬዎችን ከነካሽ ኤሊ ሲጠብቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠዋት ዘጠኝ ጫጩት አስከትላ ኩሬ የገባች ዳክዬ ማታ ስድስት ይዛ ትወጣለች። ላባ የለም፣ ደም የለም፣ ጩኸት የሰማም የለም። ከደቡብ ካናዳ እስከ ፍሎሪዳ፣ በምዕራብም እስከ ሮኪ ተራሮች ግርጌ ኩሬ ያለው ዳክዬ አርቢ ሁሉ ይህችን ቆጠራ ያውቃታል። መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ስናፒንግ ተርትል የሚባለው ነካሽ ኤሊ ነው። ጥርስ የለውም፤ እንደ አሞራ መንቆር የተቆለመመ ስለታም መንጋጋ ግን አለው። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ይጠብቃል። ጥርጣሬው ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከጥርጣሬው በኋላ የሚደረገው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም።

ሳያጣሩ መፍረድ

ሌሊት ከቤቷ ውስጥ የጠፋች ዳክዬ የኤሊ ሲሳይ አይደለችም፤ እዚያ የገባው ራኩን የሚባለው የሌሊት አውሬ፣ ቀበሮ ወይም ሚንክ የሚባለው ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ነው። ሚንክ አንገት ላይ ይነክሳል፤ አንዳንዴም ከሚበላው በላይ ገድሎ ሬሳውን ትቶ ይሄዳል። ጭንቅላቷን ያጣች ዳክዬ ካገኙ ጉጉትን ያስቡ። አስቸጋሪው ዱካ ሳይተው ጫጩት የሚወስደው ነው፤ በዚህ በኩል ባስና ፓይክ የሚባሉት ትልልቅ ዓሦችም ከኤሊው አያንሱም።

ኤሊውን በእርግጥ የሚያጋልጠው ከመንጋጋው ያመለጠች ትልቅ ዳክዬ ናት። እያነከሰች ትወጣለች፤ እግሯን ሲያዩት በጣቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ተቦጭቋል ወይም አንድ ጣት ከሥሩ ተቆርጧል። ከታች መጥቶ እግር ይዞ ወደ ታች የሚጎትት እንስሳ የሚተወው ቁስል ይህን ይመስላል። ደግሞም የኤሊው ዋና ምግብ ዳክዬ አይደለም፤ የውሃ ተክል፣ የሞተ ዓሣ፣ እንቁራሪትና የመሳሰሉት ናቸው።

ጫጩቶችን ቶሎ ውሃ ላይ መልቀቅ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ለማስወገድም ቀላሉ ይኸው ነው። ዳክዬ የውሃ ወፍ ስለሆነች ጫጩቷም በተፈለፈለች በሳምንቷ ኩሬ ካልገባች የተበደለች የሚመስላቸው አሉ። አልተበደለችም። ለመጠጣትና ጭንቅላቷን ለመንከር የሚበቃ ጥልቀት የሌለው ሳህን፣ ትንሽ ቆይቶም መውጫ ድንጋይ የተቀመጠበት ገንዳ ይበቃታል። እናት ሳይኖራት በመብራት ሙቀት ያደገች ጫጩት ደግሞ ከእናቷ ላባ የሚገኘው ቅባት ስለሚጎድላት ኩሬ ውስጥ ቶሎ ረጥባ ትበርዳለች፤ ኤሊ ባይኖርም ልትሞት ትችላለች።

ላባ እስኪያወጡና ሰውነታቸው እስኪጠና፣ ማለትም እስከ ሰባትና ስምንት ሳምንት ድረስ ያቆዩአቸው። ወቅቱም ያስገድዳል። ኤሊው ቀዝቃዛውን ወራት ጭቃ ውስጥ አሳልፎ የሚነቃው በጸደይ ነው፤ ጫጩትም የሚበዛው ያኔ ነው።

በሽቦ አጥሬ ውሃው ዳር አዋኛቸዋለሁ የሚል ካለ ታችኛውን አይርሳ። ዙሪያው ታጥሮ ወለሉ ክፍት የሆነ ጎጆ ከኤሊ አያስጥልም፤ በጭቃው ሥር አልፎ ይገባል። ወለሉም በጠንካራ ወንፊት መሸፈን አለበት።

ውሃ ዳር መመገብ

እህል ውሃው ጠርዝ ላይ ሲበተን ዳክዬዎቹ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ኤሊው የሚያደባውም እዚያው ነው። ከኩሬው ራቅ አድርገው ይመግቡ። የሞተ ዓሣ ካዩም ያውጡ።

የሽቦ አጥርን ማመን

ይህ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ነካሽ ኤሊ አጥር ይወጣል። ረጃጅም ጥፍሮቹን በሽቦው ቀዳዳ እያስገባ ሲንጠላጠል ያየ ሰው ስለ ኤሊ ዘገምተኝነት የሰማውን ሁሉ ይረሳል። ልሙጥ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ይሻላል፤ ታችኛው ጫፉም መሬት ውስጥ ይቀበር። ኤሊው አስቀድሞ ኩሬው ውስጥ ካለ ግን አጥሩ ያገለገለው ለእሱ ነው፤ ከዳክዬዎቹ ጋር አብሮ ተዘጋ ማለት ነው።

መንጠቆና ጠመንጃ

ሥጋ የተሰካበትን መንጠቆ ዳክዬዋ ራሷ ትውጠዋለች። ጥይት ደግሞ ከውሃ ላይ ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሁለቱንም ይተዉ።

ወጥመዱን ሙሉ በሙሉ ማስጠም

ኤሊ የሚተነፍሰው በሳንባ ነው። በሞቃቱ ወራት ሙሉ በሙሉ በሰጠመ መረብ ውስጥ የተያዘ ኤሊ ይታፈናል፤ ሌሎች ምንም ያላደረጉ የኤሊ ዝርያዎችም አብረውት ያልቃሉ። የወጥመዱ አንድ ክፍል ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ይሁን፤ በየዕለቱም ይታይ። ከዚያ በፊት ግን ሕጉን ይጠይቁ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት በ2017 እ.ኤ.አ. ነካሽ ኤሊን ማደን ከልክላለች፤ በአሜሪካም ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል።

በጅራት ማንጠልጠል

ለያዥ የሚመች ይመስላል፤ የኤሊውን ክብደት ግን የሚሸከመው አከርካሪው ነው፤ ይጎዳል። ከጎን መያዝም አይቻልም፤ አንገቱ እስከዚያ ይደርሳል። የጀርባውን ቅርፊት ከኋላ እግሮቹ በላይ ይያዙት፤ ያለዚያም ሰፊ አካፋ ላይ ገፍተው ያውጡት። ሳልሞኔላ የሚባለው የሆድ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ወስዶ ሌላ ኩሬ ውስጥ መጣል

በብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ኤሊው በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በእግሩ ተጉዞ ሊመለስም ይችላል። ባይመለስም ኩሬው ተስማሚ ከሆነ ሌላ ይመጣበታል። መግደሉም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሰሜኑ ክፍል ሴቷ ለመውለድ እስክትደርስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅባታል፤ ከምትጥላቸው ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ እንቁላሎችም አብዛኞቹን ራኩንና ቀበሮ ቆፍረው ይበሏቸዋል።

ግቢ ውስጥ ያገኟትን ኤሊ እንደ ወራሪ መቁጠር

ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን ባለው ጊዜ ትልቅ ኤሊ የዳክዬዎቹን ቤት አልፋ አሸዋማ ቦታ ላይ በኋላ እግሮቿ ስትቆፍር ሊያገኟት ይችላሉ። ለዳክዬ አልመጣችም፤ እንቁላል ልትጥል ነው። የብስ ላይ ስትሆን ተናካሽነቷ ይብሳል፤ ቅርፊቷ ውስጥ ገብታ መደበቅ ስለማትችል ነው። ውሻውን አስረው ያቆዩት፤ ልጆቹን ያርቁ። ጉድጓዱን ደፍና ስትጨርስ በመጣችበት መንገድ ወደ ውሃው ትመለሳለች።