አንድ ኩንታል የሚመዝን ተፋላሚ ሮቦት በትንሽ ገንዘብ እንዴት ይሠራል?

በሮቦት ፍልሚያ «ከባድ ሚዛን» የሚባለው ምድብ በብሪታንያ እስከ 110 ኪሎ ይፈቅዳል፤ ባትልቦትስ በሚባለው የአሜሪካ የሮቦት ፍልሚያ ውድድር ደግሞ 250 ፓውንድ፣ ወደ 113 ኪሎ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ብረትም፣ በያጅም፣ ቶርኖ ቤትም አይጠፋም። እጅ የሚያጥረው ለኤሌክትሮኒክሱ ነው። ስለዚህ ጥሬ ገንዘቡን ለሞተር መቆጣጠሪያው፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነትና አቅጣጫ ለሚያዘው ሰሌዳ አስቀምጡ፤ ሌላውን ከቁርጥራጭ ብረት አውጡ። ለመጀመሪያ ሥራ የሚሽከረከር መሣሪያ አትምረጡ፦ ሚዛኑ ትንሽ ከተዛባ የገዛ ኩሽኔታውን ይሰብራል፤ ያለ ጠንካራ አጥር መሞከርም ሰው ሊገድል ይችላል። ከፊቱ ሽብልቅ ያለው ገፊ ሮቦት ይበቃል።

ክብደቱን ቀድሞ መደልደል

ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ ውፍረቱ 3 ሚሊ ከሆነ ሜትሩ 3.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 90 በ70 ሳንቲ የሆነ፣ ከፍታው 20 ሳንቲ የሆነ ሣጥን ከሁለት የሞተር ማገር ጋር 8.6 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ 29 ኪሎ ማለት ነው። ዙሪያውን በ3 ሚሊ ላሜራ መሸፈን 15 ኪሎ፣ ላይና ታቹን በ1.5 ሚሊ ሌላ 15 ኪሎ። ለባትሪ 12፣ ለሞተር፣ ለጎማና ለአክሰል 22፣ ለሽብልቁ 10 ያዙ። ድምሩ 103 ነው፤ የቀረው 7 ኪሎ ለገመድ፣ ለቡሎንና ለመቆጣጠሪያው። እያንዳንዱን ክፍል ከመገጠሙ በፊት በእህል ነጋዴ ሚዛን መዝኑ።

ሞተር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የመኪና ሞተሪኖ፣ ማለትም መኪናውን የሚያስነሳው ሞተር ነው። ከደሴም ከኮምቦልቻም ጋራዦች በቀላሉ ይገኛል፤ ጉልበቱም ያጓጓል። ነገር ግን በውስጡ በማግኔት ፈንታ የተጠመጠመ ሽቦ ያለው ዓይነት ፕላስና ማይነሱ ቢቀያየርም ወደ ኋላ አይዞርም። ከጥርሱ ሥር ያለው ክላች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚይዝ መቆለፍ ይኖርበታል። ማይነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሞተሪኖው አካል ጋር የተያያዘ ነው፤ አቅጣጫ ሲቀየር የሮቦቱ ብረት በሙሉ ከባትሪው ፕላስ ጋር ይገናኛል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ሞተሪኖ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ሥራ መሆኑ ነው። ጭነት ሲበዛበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስቦ ርካሽ መቆጣጠሪያን ያቃጥላል።

የሚሻለው ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ከነማርሹ የሚወጣ ባለ 24 ቮልት ሞተር፣ ጥንዱ ነው። ከጀርባው ያለውን የኤሌክትሪክ ፍሬን ፍቱለት፤ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ እስካላገኘ ድረስ ሞተሩን ቆልፎ ይይዘዋል። ከዚያ የሞተሩን ዘንግ በሞርሳ አጥብቃችሁ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ለአንድ ሰከንድ ብቻ አገናኙትና ዲሲ በሚለካ ክላምፕ ሜትር አምፔሩን አንብቡ። በ24 ቮልት እጥፍ ይሆናል፤ 45 ካያችሁ 90 ብላችሁ አስቡ። መቆጣጠሪያ የሚገዛው በዚህ ቁጥር ነው።

መቆጣጠሪያና ገመድ

ለየሞተሩ ከዚያ ቁጥር በላይ የሚሸከም፣ ወይም አምፔሩን ራሱ የሚገድብ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። 60 አምፔር ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ ሰሌዳ ያለ ማራገቢያ ግማሹን ከቻለ ጥሩ ነው። ለዋናው መስመር 16 ካሬ ሚሊ የብየዳ ገመድ ተጠቀሙ፤ ይተጣጠፋል፣ በየሱቁም አለ። ገመዱ ብረት አቋርጦ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ላስቲክ አልብሱት፤ ንዝረት ሽፋኑን ከላጠው ሾርት ያደርጋል።

ባትሪው ሁለት የታሸገ 12 ቮልት፣ 18 አምፔር ሰዓት፣ በተከታታይ የተያያዘ። ውሃ የሚጨመርበት የሞተርሳይክል ባትሪ ሮቦቱ ሲገለበጥ አሲድ ያፈሳል። ከባትሪው ጎን ፊውዝ፣ ከውጭ ደግሞ በእጅ የሚነቀል ዋና ማቋረጫ አኑሩ።

ብየዳና ሽብልቅ

ማዕዘኖቹን በሙሉ በነጥብ ብቻ ያዙ፤ ከዚያ የሣጥኑን ወለል ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ። ሁለቱም 114 ሳንቲ መሆን አለባቸው። ከተስተካከለ በኋላ በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ተቃራኒ ማዕዘኖችን እያፈራረቃችሁ በይዱ፤ በአንድ ወገን ከተበየደ ሣጥኑ ይጣመማል፣ ጎማውም መሬት አይነካም። ጎማው ድፍን ላስቲክና ቁመቱ 30 ሳንቲ ይሁን፤ ሮቦቱ ቢገለበጥም ይሄዳል።

ሽብልቁን ከ4 ሚሊ ላሜራ ሥሩ፤ ወለል የሚነካው ጫፍ የአይሱዙ ባሌስትራ ይሁን። ባሌስትራን እንደ ተራ ብረት መበየድ ስህተት ነው፤ ከብየዳው ጎን ተሰንጥቆ በመጀመሪያው ግጭት ይነቀላል። በቡሎን ማሰሩ ይመረጣል። መበየድ ግድ ከሆነ እስከ 250 ዲግሪ ቀድማችሁ አሙቁት፣ ደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ ተጠቀሙ፣ ሲያልቅ በአመድ ቀብራችሁ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ሽብልቁን ከሣጥኑ ጋር በማጠፊያ አያይዙት፤ ጫፉ በራሱ ክብደት ወለሉን ይጫናል።

ሙከራ

ሮቦቱን ድንጋይ ላይ አንሡት፤ ጎማዎቹ እየዞሩ ሳለ የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን አጥፉ። ወዲያው ካልቆሙ መቀበያው ምልክት ሲጠፋ ዜሮ እንዲሰጥ አስተካክሉት፤ ይህ ሳይሆን መሬት አታስነኩት። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ ለ3 ደቂቃ ግንብ እየገፋ ይሥራና ማቋረጫውን ነቅላችሁ ሞተሩን፣ መቆጣጠሪያውንና የገመዱን መገናኛዎች በእጅ ዳስሱ። የሚያቃጥለው መገናኛ የላላው ነው።