መሬቱ ደንድኗል? ምላጩን አታስቀድሙ

ትራክተር ተከራይታችሁ ወጣ ገባ መሬት ልታስተካክሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ ጠፍጣፋውን ምላጭ (ከትራክተሩ ኋላ የሚገጠመውን አፈር መላጫ ብረት) አታስገጥሙ። ከብት ሲረግጠው የከረመ መሬት ላይ ምላጭ አይነክስም። ላይ ላዩን ይንሸራተታል። ይባስ ብሎ የትራክተሩ የፊት ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ፣ ከኋላ ያለው ምላጭ ዝቅ ብሎ ሌላ ጉድጓድ ይቆፍርላችኋል። እኔ ይህን የተማርኩት የአንድ ሙሉ ቀን ኪራይ ከስሬ ነው።

መጀመሪያ ሪፐር፣ ማለትም ደንዳናውን መሬት በጥርሶቹ የሚሰነጥቀው መሣሪያ፣ ይግባ። ትራክተሩ ከከበደው ጥርስ ቀንሱ። ደግሞ አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት፤ እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለ ገና ነው፣ በተለይ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ከሆነ። ትንሽ ሲደርቅ ነው በደንብ የሚሰነጠቀው። ከዚያ ጓሉን በዲስክ (ክብ ስለቶች ባሉት ማረሻ) ሰባብሩት።

ለማስተካከሉ ጎንና ጎኑ የተዘጋውን፣ አፈር እንደ ሳጥን የሚይዘውን ምላጭ ምረጡ። ከጉብታው የላጠውን አፈር ይዞ ሄዶ ጎድጓዳው ላይ ያራግፈዋል። ጠፍጣፋው ግን በጎን ያፈሰዋል። ምላጩን ከትራክተሩ ጋር የሚያገናኘውን የላይኛውን ማያያዣ ዘንግ ስታሳጥሩት የፊቱ ስለት ይነክሳል፣ ስታስረዝሙት ያለሰልሳል። ኦፕሬተሩ ዘንጉን ሳያስተካክል ሥራ ከጀመረ አስቁሙት።